ስለ እንቅርትና ስለ ጨረር



«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ምሳሌ ሳይሰማ ያደገ የአገራችን ሰው አይገኝም። አባቶቻችን ይህን የተናገሩት መከራ በመከራ ላይ ሲደረብ አይተው ነው። ከአቶም ዘመን ወዲህ ግን ነገሩ በሩቅ አገር ሕፃናት አንገት ላይ በእውነት ደርሶ ስለ ታየ፤ ታሪኩን ባጭሩ ልናመለክትዎ አስበናል።

በምሥራቅ ጎጃም ደጋ፤ በየጥኖራ፤ በብቸናና በሞጣ አገር እንቅርት እንግዳ በሽታ አይደለም። ዋናው ምክንያቱም እርግማን ሳይሆን የአዮዲን ማነስ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት ጀምሮ የወረደው ዝናም ተዳፋቱን እያጠበ በአፈሩ ውስጥ የነበረውን አዮዲን ወደ ዓባይ ወስዶታል። አፈሩ ከጎደለው ደግሞ እህሉም፤ ሣሩም፤ የላሟም ወተት ይጎድለዋል። በቀድሞ ዘመን ነጋድያን ወደ ባሶ ገበያ ያመጡት የነበረው አሞሌም፤ አዮዲን ያልተጨመረበት ስለ ነበረ ጉድለቱን የሚሞላ አልነበረም።

በአንገት ፊት በኩል ቢራቢሮ መስሎ የተቀመጠው የታይሮይድ ዕጢ፤ ለአካልና ለአእምሮ ዕድገት የሚያስፈልገውን ሆርሞን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። አዮዲን ባነሰው ጊዜ ያገኘውን ሁሉ አጥብቆ ይስባል፤ እየሰፋም ይሄዳል። እንቅርት የምንለው ይህ ነው። ይሁን እንጂ ዕጢው ጨረር ያለበትን አዮዲን ከደኅነኛው ለይቶ ማወቅ አይችልም።

የካቲት 22 ቀን 1946 ዓ.ም. አሜሪካ በማርሻል ደሴቶች፤ በቢኪኒ፤ የሃይድሮጂን ቦምብ በሞከረች ጊዜ አመዱ በሮንጌላፕ ደሴት ሰዎች ላይ ወረደ። ሰዎቹ ከደሴቲቱ የወጡት ሁለት ቀን ያህል ቆይተው ነው። በሕፃናቱ ዕጢ ላይ እባጭ የታየው ግን ከ9 ዓመት በኋላ ነበር።

ይህን ያህል ጊዜ የሚቆይበት ምክንያት እንዲህ ነው። ጨረሩ ከዕጢው ሕዋሳት አንዳንዶቹን ይገድላል፤ በሌሎቹም ውስጥ የዘር መመሪያቸውን የያዘውን ክር ይበጥሳል። ሕዋሱም የተበጠሰውን ሲቀጥል አንዳንድ ጊዜ ጫፉን ከማይገባው ጫፍ ጋራ ያጋጥማል። እንዲህ ያለው ሕዋስ ሥርዓቱን ለቅቆ ይባዛል፤ አንገቱ ግን ለዓመታት ደኅና ይመስላል። የሕፃን ዕጢ ገና በማደግ ላይ ስለሚገኝ ጉዳቱ ይብስበታል።

ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. የቼርኖቢል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ በፈነዳ ጊዜ አዮዲን 131 በሣር ላይ ወረደ፤ ላም ሣሩን ጋጠች፤ ሕፃን ወተቱን ጠጣ። የዚህ አዮዲን ኃይል በየ8 ቀኑ በግማሽ የሚቀንስ ስለ ሆነ፤ ወተቱን ለጥቂት ሳምንታት መከልከል ብዙዎችን ባዳነ ነበር። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው ዘገየ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እስከ 2005 ድረስ፤ በአደጋው ጊዜ ልጆች ከነበሩት መካከል ከ6,000 የሚበልጡ የታይሮይድ ካንሰር ታመሙ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹን ያሳመማቸው ያ ወተት ነው። ጎረቤቲቱ ፖላንድ ግን ከ10 ሚሊዮን ለሚበልጡ ሕፃናት ወዲያው ደኅነኛውን አዮዲን አጠጣች።

በዚያው በ2005 የታተመ ጥናት፤ የጨረሩ መጠን እኩል ሆኖ ሳለ፤ አዮዲን ባነሰበት አፈር ላይ በሚኖሩ ልጆች ዘንድ የበሽታው ሥጋት ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን አስረዳ። እነሆ፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

የጎጃም እንቅርት ከጨረር የመጣ አይደለም፤ ሆኖም ዕጢውን ለክፉ ቀን ደካማ ያደርገዋል። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ደንግጓል። ደንብ ብቻውን ግን ከወጥ ቤት አይደርስም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ በቤትዎም ሆነ በተመደቡበት ወረዳ፤ አዮዲን እንዳለበት የተጻፈበትን ጨው ይግዙ፤ በተከደነ ዕቃ ያስቀምጡ፤ ወጡም ሊወጣ ሲል እንዲጨመር ያድርጉ፤ ይህንኑም ለጎረቤት ያስተምሩ።