የቤት ኮምፒዩተርና የኮምፒዩተር ቤት

በአውሮፓና በአሜሪካ የኮምፒዩተር ታሪክ ውስጥ «የቤት ኮምፒዩተር ዘመን» በመባል የታወቀ አንድ ወቅት አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 በእንግሊዝ አገር ስንክሌር ስፔክትረም፣ በአሜሪካ ደግሞ ኮሞዶር 64 ለገበያ በቀረቡ ጊዜ፣ ቀድሞ በአብዛኛው በባንክና በዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች ውስጥ ተወስኖ የኖረው መሣሪያ ከሳሎን ቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ፣ ፕሮግራሙንም ከተራ የቴፕ ካሴት እያነበበ፣ የቤተሰብ ዕቃ ለመሆን በቃ። ልጆች መጀመሪያ ተጫወቱበት፤ ቀጥሎም ጨዋታው እንዴት እንደ ተሠራ ለማወቅ ጓጉ፤ ከእነርሱም መካከል ብዙዎች በዚሁ መንገድ ወደ ሙያው ገቡ።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ይህን ጉዳይ በሚመለከት በአዳማና በአካባቢዋ ከተሞች የነበረውን ሁኔታ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ያሳሰበኝ ስሙ ነው። በእኛ ዘንድ የቃላቱ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነውና። እኛ ያየነው የቤት ኮምፒዩተርን ሳይሆን የኮምፒዩተር ቤትን ነው፤ ይኸውም እንደ ሻይ ቤት፣ እንደ ቪዲዮ ቤትና እንደ ፑል ቤት ሁሉ፣ ሰው ሁሉ ከፍሎ የሚገባበትን ቤት ማለቴ ነው።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የአንድ መምህር ደመወዝ ዕቃውን ለመግዛት አይበቃም ነበር። መብራቱም ቢሆን የሚታመን አልነበረም። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመርቆ 43 ሜጋ ዋት ያህል ኃይል ማመንጨት የጀመረው ከአዳማ እምብዛም በማይርቅ ቦታ ነው፤ ይሁን እንጂ በግድቡ ጎረቤት መኖር መብራት እንዳይጠፋ ዋስትና ሆኖ አያውቅም። በዚህ ላይ የአዳማ ነፋስ የሚያነሣው አቧራ አለ። እኔ ራሴ በ1996 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝቼ በአውቶቡስ ጭኜ ባመጣሁ ጊዜ፣ ባለቤቴ እንደ ቴሌቪዥኑ ሁሉ የጥልፍ ልብስ ሰፋችለት። ልብሱ ሳይገፈፍ መሣሪያው ተከፍቶ ሦስት ሰዓት ሲሠራ ውሎ የጋለበትን ቀን አልረሳውም። ከዚያ በኋላ በየወሩ ጎኑን ፈትቶ በቀለም መቀቢያ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ የእሑድ ጧት ሥራዬ ሆነ።

ለአዋቂዎች ኮምፒዩተር በመጀመሪያ የጽሕፈት መኪና ምትክ ነበር። በፍርድ ቤት አካባቢ ራፖር ጸሐፊዎች በነበሩበት ሥፍራ የኮምፒዩተር ጽሕፈት የሚሠሩ ጠባብ ክፍሎች ተከፈቱ። እነዚህም በአብዛኛው በፓወር ግዕዝ ይጽፉ ነበር፤ በአንዱ ቤት የተጻፈው ማመልከቻ በዲስኬት ተወስዶ ያ ፕሮግራም በሌለበት በሌላ ቤት ሲከፈት ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ሆኖ ይገኛል። እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሎቻችን የየራሱን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበር ነው፤ የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የራሱን ቦታ ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ሲሆን፣ ውሳኔው ወደ ጽሕፈት ቤቶቻችን እስኪደርስ ደግሞ ብዙ ዓመታት ወስዷል። በአንጻሩ አፋን ኦሮሞ በ1984 ዓ.ም. የላቲንን ፊደል፣ ማለትም ቁቤን፣ የሥራ ጽሕፈቱ ስላደረገ፣ በዚሁ ሠሌዳ ያለ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም ይጻፍ ነበር። በአንድ ጠረጴዛ ላይ በሁለቱም ቋንቋዎች የሚሠሩት የአዳማ ጸሐፊዎች ይህን ልዩነት ከማናችንም በፊት በጣቶቻቸው ዐውቀውታል።

የልጆቹ ታሪክ ግን በሌላ በር የገባ ነው። ጆተኒና ከረንቡላ በነበሩባቸው ሠፈሮች፣ በ1990ዎቹ ዓመታት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥንና ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ፕሌይስቴሽን የደረደሩ ቤቶች ተከፈቱ። በአዳማ ብቻ አይደለም፤ በሥራ ምክንያት በሞጆ፣ በመቂ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ ስዘዋወር ይህንኑ አይቻለሁ። ደንቡ ከጆተኒ የተወረሰ ነበር፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ገንዘብ የሌለው ልጅ ከግድግዳው ተደግፎ ቆሞ ያያል። ይህ ቆሞ ማየት ትንሽ ነገር እንዳይመስል፤ ብዙዎቹ ጆይስቲኩን ከመጨበጣቸው በፊት ጨዋታውን ጨርሰው ያወቁት በዚህ ዐይነት ነበር።

ከጨዋታዎቹ ሁሉ የሚበልጠው እግር ኳስ፣ በተለይም የጃፓኑ ኮናሚ ኩባንያ የሠራው ዊኒንግ ኢለቨን ነበር። በእኛ ከተማ ባየኋቸው ቤቶች የነበረው ቅጂ ከጃፓን ገበያ የወጣ በመሆኑ፣ ምርጫዎቹ ሁሉ በጃፓንኛ የተጻፉ ነበሩ። ከቤቱ ባለቤት ጀምሮ እስከ ትንሹ ደንበኛ ድረስ ያን ጽሕፈት የሚያነብ አንድም ሰው አልነበረም። ሆኖም የአሥር ዓመት ልጅ ተጫዋች ይለውጣል፣ የአሰላለፍ ስልት ይመርጣል፣ የዝናብ ሜዳ ያዝዛል፣ ውጤቱንም በማስታወሻ ካርድ ላይ ያስቀምጣል። እንዴት ዐወቅህ ብዬ ስጠይቅ «ሦስተኛው ነው ጋሼ፣ ያ ቤት የሚመስለው ፊደል» ብሎ የመለሰልኝ ልጅ አለ። ሲዲው አላነብ ሲል ሌንሱን በጥጥ መጥረግ፣ ያም ካልሆነ መሣሪያውን በጀርባው ገልብጦ ማስነሣት፣ ከመጽሐፍ ያልተገኘ የሠፈሩ ሁሉ ዕውቀት ነበር።

ስለ እነዚህ ቤቶች ክፉ ነገር አልነበረም ብል እዋሻለሁ። የዳቦ ገንዘብ ጠፍቶባቸዋል፣ ጠብ ተነሥቶባቸዋል፣ ውርርድም ነበረባቸው። መምህራን የነበርን ሰዎችም እንዲህ ያለውን ብቻ እናይ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ስሙን በማልጠቅሰው ትምህርት ቤት የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ አባል ሳለሁ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ አንድ ልጅ በትምህርት ሰዓት ከጌም ቤት ተይዞ ቀረበልን። እናቱ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ «ልጄ ሌባ አይደለም፤ እዚያ ቤት የተበላሸ ሲጠግን ነው የሚውለው» አለችን። እኛም ይህንኑ እንደ ተጨማሪ ጥፋት ቈጥረን ለሁለት ሳምንት አገድነው። ድምፄን ከሰጡት አንዱ እኔ ነኝ። ልጁ ሁለቱ ሳምንታት ካለፉ በኋላ አልተመለሰም። ስብሰባውን ባደረግንበት ቢሮ ጥግ በዕርዳታ የመጣ ኮምፒዩተር በልብስ ተሸፍኖ ቆሞ ነበር፤ እንዳይበላሽ ተብሎ ክፍሉ ይቈለፍ ስለ ነበር፣ በዓመቱ ውስጥ አንድም ተማሪ አልነካውም።

ይህን ጉዳይ እንደገና እንዳስብ ያደረገኝ በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው ሙከራ ነው። የ«አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» ድርጅት መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴና ባልደረቦቹ በኦሮሚያ ሁለት መንደሮች፣ አንዱ በወንጪ እሳተ ገሞራ አፋፍ፣ ሌላው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በወለንጪቲ ስም በጠሩት ቦታ፣ በእያንዳንዱ ሃያ ለሚያህሉ ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናት የሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን በታሸጉ ሣጥኖች አስቀመጡላቸው። ለአዋቂዎቹ የፀሐይ ኃይል መሙያው አሳያቸው፤ ለልጆቹ ግን አስተማሪ አልተመደበም። አንድ ባለሙያ በየሳምንቱ እየመጣ፣ ልጆቹ የሠሩትን ሁሉ የመዘገበውን የማስታወሻ ካርድ ይለውጥ ነበር። ኔግሮፖንቴ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. እንደ ተናገረው፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 ፕሮግራሞችን ይከፍት ነበር፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ልጆቹ ራሳቸው እንዲሠራ አደረጉት። አንድ ሕፃን የሥዕል ፕሮግራም ከፍቶ አንበሳ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፎ ተገኘ። በአፋን ኦሮሞ አንበሳ ሌንጫ መባሉንና በቁቤ ሲጻፍም በዚያው በእንግሊዝኛው ቃል መጀመሪያ ፊደል መነሣቱን ላስታወሰ ሰው፣ በገዛ ቋንቋው ቢሆን ምን ያህል በፈጠነ ነበር ያሰኛል።

ዜናው በዓለም ሁሉ የተሠራጨው «ያለ አስተማሪ ተማሩ» በሚል ርእስ ነው። በበኩሌ ይህን አባባል አልቀበለውም። የአርባ ሕፃናት ሙከራ ለትልቅ ድምዳሜ ማነሱ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ቅሬታዬ ግን አስተማሪ አልነበረም በመባሉ ነው። ማብሪያውን ያገኘው ልጅ ለቀሩት አስተማሪያቸው ነበር። በአዳማ ከግድግዳው ተደግፎ የቆመውም ልጅ እንዲሁ አስተማሪ ነበረው፤ ያውም ሲሸነፍ ከኪሱ የሚከፍል አስተማሪ። የጃፓንኛውን ምርጫ ያለ ንባብ የተሻገሩ ልጆች የታብሌቱን ሙከራ ከዓመታት በፊት፣ ማንም ሳይመዘግብላቸው፣ በራሳቸው ሳንቲም አካሂደውታል።

ዛሬ ስልኩ ቤቱንም መሣሪያውንም በአንድነት ተክቷል። በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቀኔ ጌምስ ኩኩሉ የተባለ ጨዋታና ገበጣን ለስልክ አዘጋጅቷል፤ የልጅ ልጄ በስልኩ ገበጣ ሲያሸንፈኝ ጉድጓዱን መቍጠር እንኳ አያስፈልገውም። የእኔ አሮጌ ኮምፒዩተር ግን ገና በሳሎኑ ጥግ አለ። የጎረቤት ልጆች ለዓመታት በየቅዳሜው ሲመጡበት ኖረዋል፤ ባለቤቴም ጫማቸውን በር ላይ እንዲያወልቁ ከማዘዝ በቀር ሌላ ደንብ አላወጣችም።

ከትምህርት ቤቱ በጡረታ ከመሰናበቴ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ያ በልብስ ተሸፍኖ የኖረው መሣሪያ ንብረት ሲመዘገብ ተከፈተ። የፈተሽነው ሁለት መምህራን ነበርን። ተማሪዎች እንዳይነኩት በተቈለፈበት ክፍል፣ ፈንጂ በመልቀም ጨዋታ የክብር ሠንጠረዥ ላይ፣ ፈጣን ጊዜ ያስመዘገቡ የሦስት ሰዎች ስም ሰፍሮ አገኘን፤ ሦስቱም የያኔው የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ አባላት ነበሩ። የእኔ ስም ሁለተኛ ነበር።