ባልና ሚስቱ በመተማ ቆላ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ሥራ ላይ ያላችሁ ማታ አረፍ ስትሉ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ገንዳ ውኃ ያስተማርሁት አንድ ልጅ ደወለልኝ። አሁን አዲስ አበባ ነው የሚሠራው፤ ጥር ላይ ያገባል። ከሠርጉ በኋላ ሙሽራዋን ይዞ የት እንደሚያርፍ ግራ ገብቶታል። ላንጋኖ ይሻላል? ባሕር ዳር? ወይስ ጎርጎራ አዲሱ ሪዞርት? የአንድ ሌሊት ዋጋውን ሲነግረኝ የጡረታ ደመወዜን አስቤ ዝም አልሁ። ከዚያ ለቀልድ «ለምን ወደ አገርህ ወደ መተማ አትወስዳትም?» አልሁት። በሳቅ ሞተ። «ቲቸር ደግሞ ሲቀልዱ! ማን ሚስቱን ይዞ ለሽርሽር መተማ ይሄዳል? በዚያ ሙቀት?»

አንድ ሰው አውቃለሁ አልሁት። ስልኩ ላይ ሁሉን ማውራት ስላልቻልሁ እዚህ ልጻፍለት፤ እናንተም አንብቡት።

ሰውዬው ሳሙኤል ቤከር ይባላል። እንግሊዛዊ ነው፤ በ1821 ለንደን ተወለደ (ዘመኑን በፈረንጆች እየቆጠርሁ ነው፤ የእኛው ሲመጣ እነግራችኋለሁ)። ገንዘብ ያለው፣ አደን የሚወድ፣ ስምንት ዓመት ያህል ሲሎን ኖሮ የተመለሰ ሰው ነበር። የመጀመሪያ ሚስቱ ሞታበታለች። በሚያዝያ 1861 ፍሎረንስ የምትባል ሃያ ዓመት ያህል የሆናትን ወጣት ይዞ ከካይሮ ተነሣና ዓባይን ሽቅብ ይዞ መጣ። ከዚያ ዓመት ክረምት እስከሚቀጥለው ሰኔ ድረስ፣ በእኛ 1853 እና 1854 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሁለቱ አብረው በአትባራ፣ በሰቲት፣ በአንገረብና በመተማ ቆላ ከረሙ። ዘመኑ የቋራው ካሣ፣ አፄ ቴዎድሮስ፣ በዙፋን ላይ የነበሩበት ነው። ቤከር በ1867 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው፤ ርእሱ በእኛ ቋንቋ «የአቢሲኒያ የዓባይ ገባሮች» ማለት ነው። እኔ ይህን መጽሐፍ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ በየጊዜው ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ።

በመጀመሪያ ያስደነቀኝ የወንዙ ነገር ነው። ሰኔ ላይ አትባራ ዳር ሰፍረዋል። ወንዙ ደርቋል፤ አሸዋ ብቻ ነው፤ እዚህም እዚያም ኩሬ። ሰዎቹ አሸዋው ላይ ተኝተዋል። ሌሊት ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ይሰማል። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። አረቦቹ «ወንዙ! ወንዙ!» እያሉ ጮኹ፤ ሰውና ዕቃው በሩጫ ከአሸዋው ወጣ። ሲነጋ ቤከር የሚያየው ስፋቱ አምስት መቶ ያርድ የሚደርስ ደፍራሽ ወንዝ ነው። እነሱ ባሉበት አንዲት ጠብታ አልዘነበም። የዘነበው እኛ ጋ ነው፤ ጭልጋ፣ ወገራ፣ ስሜን። መተማ ላይ ጓንግ የምትሉት ወንዝ እኮ ታች ሲወርድ አትባራ ይባላል። ቤከር በዚያ ጠዋት የግብፅን ለም አፈር የሚያመጣው የኢትዮጵያ ጎርፍ ነው ብሎ ደመደመ፤ መጽሐፉ ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ገበሬያችን ግን አፈሩ ወዴት እንደሚሄድ መጽሐፍ ሳያነብ ያውቀዋል።

ክረምቱ ሲገባ አትባራ ዳር ሶፊ ከምትባል መንደር ተቀመጡ። ዛሬ ሱዳን ውስጥ ናት። ያ የዝንብ ወቅት ነው፤ ግመል የዝናቡን ዝንብ ስለማይችል ባለ ግመሎቹ ወደ ደረቁ አገር ይሸሻሉ፤ መንገደኛም ባለበት ይቀራል። ታዲያ ቤከር ምን አደረገ? አንድ ጎጆ በአሥር ፒያስተር ገዛ። ቤት ግን የገዛው ለቦታው አይደለም፤ ሰው ሰበሰበና ጣሪያውን እንደ ባርኔጣ አስነሥቶ፣ በራስ አሸክሞ፣ ወንዙ ቁልቁል ወደሚታይበት ጉብታ አዛወረው። ፍሎረንስ ውስጡን አሰማመረች፤ ጠረጴዛ፣ መስታወት፣ ግድግዳው ላይ ጠመንጃና ቢላ በሥርዓት ተሰቅሎ። በቃ ሪዞርት ሆነ! ለዕይታ የሚመች ቦታ መርጦ፣ ሣር ቤት ሠርቶ፣ ውስጡን በፈረንጅ ዕቃ መሙላት። ዛሬ «ሎጅ» ብለን በዶላር የምናከራየው እሱን አይደል እንዴ?

ምግቡስ? ይኼኛው ለሆዳሞች ነው። የጉማሬ ጭንቅላት በሽንኩርት፣ በኮምጣጤና በሚጥሚጣ ቀቅለው በሉ። በለንደን ትልልቅ ግብዣ ላይ የሚቀርብ የኤሊ ሾርባ አለ፤ ቤከር የእኛ የቆላው ጉማሬ እውነተኛው ነው፣ የለንደኑ ኤሊ ነው የእሱ ቅጂ ብሎ ይቀልዳል። የዝሆን እግር ጉድጓድ ቆፍረው፣ በፍም ቀብረው፣ ከአንድ ቀን በላይ አብስለው ይበላሉ። የአውሬ ሞራ አቅልጠው ሳሙና ይሠራሉ። እኔ ጾመኛ ነኝ፤ እነዚህን ገጾች በዐቢይ ጾም ከልጆቼ ተደብቄ ነው ያነበብሁት።

ከሥጋው ጋር የሚበላው እንጀራ ግን የማሽላ ኪስራ ነው። ኪስራ ደግሞ ዱቄት ይፈልጋል። ዱቄት ወፍጮ ይፈልጋል። ወፍጮው የእጅ ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ፤ እናቶቻችን ያውቁታል። ያን ሁሉ የካምፕ ሰው የሚያበላ እህል ማን ይፍጭ? በነጻ የምትቀጠር ሴት አልተገኘችም። ቤከር፣ ያ የለንደን ጨዋ፣ ባራኬ የምትባል ሴት በጠገራ ብር ከጌታዋ ገዛ። በአስተርጓሚ በኩል ከዛሬ ጀምሮ ነጻ ነሽ፣ ባሪያ አይደለሽም፣ ደመወዝ ይከፈልሻል አላት። ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ ዘላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና ሳመችው። ለካ የገባት ሚስቱ ሊያደርጋት ነው የገዛት ተብሎ ነው። ቤከር ይህን ለሳቅ ብሎ ነው የጻፈው። እኔም መጀመሪያ ሳነብ ሥቄያለሁ።

ዝናቡ ሲያበቃ ወደ ሰቲት ሄዱ። ሰቲት የኛው ተከዜ ነው፤ ታች ሲወርድ ስሙን ይቀይራል። እዚያ የሐምራን አረቦች በሰይፍ ዝሆን ሲያድኑ አዩ። አንዱ ፈረሰኛ ዝሆኑን በፊት ለፊት እያባበለ ሲያስሮጠው፣ ሌላው ከኋላ ደርሶ፣ ከፈረስ ዘሎ፣ በአንድ ምት የኋላ እግሩን ጅማት ይቆርጣል። ከአዳኞቹ አንዱ አንድ እጁ የሰለለ ነበር። የአደኑን ጀግንነት ቤከር ሳይሰስት ይመሰክርላቸዋል፤ እውነት ለመናገር በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከልቡ ያከበራቸው እነሱን ነው። የወደቀውን አውሬ ብዛት ሳስብ ግን ያመኛል። ዛሬ ቋራ ውስጥ በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ በ2016 በካሜራ ተገኘ ተብሎ ዓለም በዜና አውርቶታል። ያኔ ዜና አልነበረም፤ አንበሳው በየሌሊቱ ካምፑ አጠገብ ያገሣ ነበር።

ከዚያ ወደ አንገረብ አገር ተሻገሩ። (ትልቁን አንገረብ ነው የምላችሁ፤ ጎንደር ከተማን አልፎ ወደ ጣና የሚወርደውን አይደለም። ፈተና ላይ ስንቶቻችሁ ተሳስታችኋል!) በዚያ በኩል የሸንዲው መክ ኒምር ልጅ ሠፍሮ ነበር። አባቱ የመሐመድ ዓሊን ልጅ እስማኤል ፓሻን በ1822 ሸንዲ ላይ በእሳት አቃጥሎ ወደኛ ጠረፍ የሸሸው ሰው ነው። ልጁ እንግዶቹን በክብር ተቀበላቸው። ከዚያው ሰፈር አንድ አዝማሪ መጥቶ ሲያወድሳቸው ቤከር ገንዘብ ሰጥቶ ለመገላገል ሲቸገር ይታያል። አገራችን መግባቱን ያወቅሁት እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ወደ ደቡብ አቅንተው፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ መተማ ደረሱ። ያኔ ጋላባትና መተማ የሚሉት ስሞች ለአንድ ቦታ ነበር የሚውሉት፤ መሐሉን የሚያቋርጥ ድንበርና ኬላ አልነበረም። ባለ አገሮቹ ተክሩሮች ናቸው፤ ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ተነሥተው፣ ሲመለሱ እዚህ የቀሩ ሙስሊሞች። ጥጥ ያመርታሉ፣ ይነግዳሉ። ሹማቸው ለግብፅም ለኢትዮጵያም ይገብር ነበር፤ ጠረፍ ላይ መኖር ዋጋው እንዲህ ነው። ገበያው ላይ ከደጋ የወረደ ቡና አለ፤ ሰም፣ በቅሎ፣ የዝሆን ጥርስ። መገበያያው የ1780 ዓመት የተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው፤ ቤከር አረቡ ያንን ብር የወደደው የንግሥቲቱ ደረት ስለሚያምር ይመስለኛል ብሎ ይቀልዳል።

ከዚሁ ገበያ ጋር የሰው ገበያም ነበር። ከኢትዮጵያ ውስጥ ተነድተው የመጡ፣ አብዛኞቹ ኦሮሞ የሆኑ ልጃገረዶች በነጋዴ እጅ ሆነው ለሽያጭ ይቀርባሉ። ቤከር ዛሬ የማንጠራቸውን ስም ይጠራቸዋል፤ መልካቸውን ያደንቃል፤ ዋጋቸውን በብር ይጽፋል። ያ ገጽ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ መጽሐፉን አጠፍና እቀመጣለሁ።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ፍሎረንስ የተወለደችው ትራንስልቫኒያ ነው፤ ዛሬ ሮማኒያ ውስጥ ያለ አገር። በ1848 እና 1849 የሀንጋሪ አመፅ ጊዜ ወላጆቿን አጣች። ከዚያ እንዴት እንደሆነ ተሸጋግራ፣ በ1859 በዳኑብ ወንዝ ዳር ቪዲን በምትባል የኦቶማን ቱርክ ከተማ ለሽያጭ ቀረበች። ቤከር ከአንድ የህንድ መስፍን ጋር አደን ወጥቶ እዚያ ደርሶ ነበር። እንደሚተረከው በጨረታው የከተማው ፓሻ በለጠው፤ እሱ ግን ጠባቂዎቹን በገንዘብ ይዞ ልጅቷን በሌሊት አስመለጣት። እንግዲህ ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ ያቺው ልጅ መተማ ላይ ናት፤ ድንኳኗ ተተክሎ፣ «የቤከር ሚስት» ተብላ፣ ሌሎች ልጆች ከሚሸጡበት ገበያ አጠገብ።

ቤከር «ሚስቴ» እያለ ስለ እርሷ ብዙ ይጽፋል። ስትታመም ይጽፋል፣ ስትጠነክር ይጽፋል። ከየት እንዳገኛት ግን አንዲት መስመር የለችም። ያኔ ጋብቻ እንኳን አልፈጸሙም፤ የተጋቡት ቆይተው፣ የአልበርትን ሐይቅ በ1864 አብረው አይተው ከተመለሱ በኋላ፣ በኅዳር 1865 ለንደን ላይ ነው። እሱ ሰር ተባለ። ንግሥት ቪክቶሪያ ግን ፍሎረንስን ቤተ መንግሥቷ አላስገባቻትም። ከ1869 እስከ 1873 ቤከር በግብፁ ከዲቭ ተሹሞ በላይኛው ዓባይ የባሪያ ንግድ ሊያጠፋ ሲዘምት እሷም አብራው ሄዳለች። የሞተችው በ1916 ነው።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ስነግራት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «ልጅቷ ገበያውን ስታይ ምን አለች?» መጽሐፉ አይናገርም አልኋት። «ታዲያ ያን ሁሉ ገጽ ምን ጻፈበት?» አለችኝ። የጉማሬ ሾርባ አልኋት።

ስለ መተማ ስናስተምር፣ እኔም ጭምር፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የወደቁበትን ጦርነት ነግረን እናልፋለን። ከተማዋም በእሳቸው ስም መተማ ዮሐንስ ተብላለች፤ ይገባቸዋል። ገበያው ግን ከጦርነቱ በፊት ስንትና ስንት ዘመን ቆሟል። በዚያ ተሸጠው ካርቱምና ጅዳ የገቡት ልጆች ሐውልትም ስምም የላቸውም። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር አንድ ክፍለ ጊዜ አልሰጠኋቸውም፤ ተማሪዎቼ ናችሁና ታውቁታላችሁ።

አሁን የኛን ሽርሽር ልንገራችሁና ላብቃ። እኔና ባለቤቴ የተጋባን ሰሞን ሪዞርት የሚባል ነገር አናውቅም። ከጎንደር በአውቶቡስ አይከልን አልፈን መተማ ወረድን። ክፍሉ እንደ ምድጃ ስለነበረ የአልጋ ቤቱ ሰዎች አልጋችንን ግቢ ውስጥ አወጡልን፤ ኮከብ እያየን ተኛን። ጠዋት ፉል በዘይትና በሽንኩርት፣ ማታ ኪስራ በሙላህ፣ ከሰዓት ቀዝቃዛ ከርከዴ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ እንደዚያ ያለ ፉል አልበላሁም ትላለች። በየጠዋቱ አንዲት አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት የምትሆን ልጅ ሁለት ጀሪካን ውኃ ተሸክማ ታመጣልን ነበር። መታጠቢያችን እሱ ነው። አራት ቀን ቆየን።

ባለፈው ማታ ይህን ስጽፍ ባለቤቴን «የዚያች ልጅ ስም ማን ነበር?» አልኋት። ብዙ አሰበች። አልጠየቅናትም አለችኝ። ቤከር እንኳን ባራኬን በስሟ ጽፏታል።

ልጄ ሙሽራው፣ ይህን ካነበብህ ደውልልኝ። አሁን ሱዳን በጦርነት ላይ ናት፤ በዚያች ትንሽ ድልድይ የሚያልፈው ፍራሽና ሕፃን የተሸከመ ሰው ነው፤ መንገዱም እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ ለጊዜው ጎርጎራ ሂዱ። መጽሐፉን ግን አውስሃለሁ፤ ገጽ አጥፌበታለሁ፣ እንዳትዘረጋው።