ኪቦርዳችን ያልረሳው ቃል፦ ቃልን የመሰረዝ አጭር ታሪክ



ዛሬ የምናወጋችሁ ትንሽ ስለምትመስል ነገር ነው። ስልካችን ላይ ስንጽፍ ከፊደሎቹ በላይ ባለችው ቀጭን መስመር ላይ ብቅ ስለሚሉት ቃላት። «አሰላሙ» ስንል «ዐለይኩም» ብሎ የሚያቀርብልን፣ «ኢን» ስንል «ኢንሻአላህ» ብሎ የሚጨርስልን ነገር ማለት ነው። ጊዜ ይቆጥብልናል። አንዳንዴ ግን ያዋርደናል። እንዴት እንዳዋረደን እንንገራችሁና ወደ ታሪኩ እንገባለን።

በመስጂዳችን ቢሮ አንድ ስልክ አለ። የጀናዛ ማስታወቂያ፣ የደርስ ሰዓት ለውጥ፣ የጽዳት ዘመቻ ጥሪ ሁሉ የሚጻፈው በርሱ ነው። የትዳር ጉዳይ ይዘው ወደ ሽማግሌዎች ለሚመጡ ሰዎች ቀጠሮ የምንይዘውም በዚያው ስልክ ነበር። አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ከወጣቶቻችን አንዱ የጽዳት ዘመቻውን ጥሪ እንዲጽፍልን ስልኩን ሰጠነው። «እህታችን» ከሚለው ቃል ሲደርስ ኪቦርዱ የአንዲት እህት ስም አቀረበለት። ጣቱ ሳያስበው ነካው። ቀጥሎ የመጣው ጥቆማ «ፍቺ» የሚል ነበር። ልጁ ደግሞ የእህታችን ጎረቤት ነው። ቀና ብሎ አየን፤ እኛም አየነው። ማንም ምንም አላለም።

ያን ምሽት ጥፋቱን በስልኩ ላይ ለማላከክ ሞክረን ነበር። ነገር ግን ስልኩ ያንን ስም ከዚያ ቃል ጋር የት ተማረው? ከኛው ጣት ነው። ለሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ስናስይዝ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን የጻፍናቸው እኛ ነን። እናም «ይህ ነገር ከየት መጣ? እንዴትስ ይጠፋል?» ብለን መጠየቅ ጀመርን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሒጅራ ካላልን በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቀጣዩን መገመት

ከአንድ ፊደል ወይም ቃል በኋላ የትኛው እንደሚመጣ በቁጥር መገመት የተጀመረው ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት ነው። በ1913 ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ አንድሬ ማርኮቭ የፑሽኪንን «የቭጌኒ ኦኔጊን» አንስቶ 20,000 ፊደላትን በእጁ ቆጠረ። ከአናባቢ ቀጥሎ አናባቢ፣ ከተነባቢ ቀጥሎ ተነባቢ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ መዘገበ። ያገኘው ነገር ቀላል ግን ትልቅ ነበር፤ የሚመጣው ባለፈው ላይ ይንጠለጠላል። በ1948 አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን ይህንኑ ሐሳብ ወደ ቃላት አሳድጎ፣ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የሚመጣውን በብዛቱ እየመረጡ ዓረፍተ ነገር የሚመስል ነገር መሥራት እንደሚቻል አሳየ። በ1951 ደግሞ ሰዎች የተደበቀውን ቀጣይ ፊደል እንዲገምቱ እያደረገ ቋንቋ ምን ያህል አስቀድሞ የሚገመት እንደሆነ ለካ።

ሐሳቡን በሥራ ላይ ካዋሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ግን የሒሳብ ሰው አልነበረም። ቻይና ውስጥ በካይፈንግ ከተማ ዣንግ ጂዪንግ የሚባል የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። የቻይንኛ ምልክቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ስለሆኑ ለቃሚው የእርሳስ ፊደሎቹን ከመደርደሪያ ለመፈለግ ብዙ ይደክማል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ይህ ሰው የመዝገበ ቃላቱን ቅደም ተከተል ትቶ አብረው የሚመጡትን ምልክቶች ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ፍጥነቱ በጣም ጨመረ፤ ዝናውም ወጣ። የቻይንኛ ታይፕራይተር ጸሐፊዎችም ዘዴውን ወሰዱት።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። መደርደሪያው የዘመኑን ንግግር ተሸከመ። የዚያ ዘመን ጋዜጦች የሚደጋግሟቸው የፖለቲካ ቃላት ጎረቤት ሆነው ተቀመጡ። መደርደሪያውን ያየ ሰው ጸሐፊው ቀኑን ሙሉ ምን ሲጽፍ እንደሚውል ያውቃል። የዛሬው ኪቦርዳችንም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ታይፕራይተሩ ላይ ያልተፈለገውን ምልክት ከቦታው ለማንሳት ወረንጦ ይበቃ ነበር፤ መደርደሪያውም በዓይን ይታያል። የኛ መደርደሪያ አይታይም።

ከኖኪያ እስከ ዛሬው ስልክ

በዕድሜ ከኛ ጋር የምትቀራረቡ ቁልፍ ያለውን ስልክ ታስታውሳላችሁ። አንድ ቁልፍ ላይ ሦስትና አራት ፊደል ነበረ፤ አንዷን ለማግኘት ደጋግሞ መጫን ግድ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቴጂክ የተባለው የሲያትል ኩባንያ ቲ9 የሚባለውን ዘዴ አመጣ። ከመሥራቾቹ ማርቲን ኪንግና ክሊፍ ኩሽለር ሲሆኑ፣ መነሻቸው መናገርና እንደልብ መጻፍ ለማይችሉ አካል ጉዳተኞች መጻፊያ መሥራት ነበር። በቲ9 እያንዳንዱን ቁልፍ አንዴ ብቻ ትጫናለህ፤ ስልኩ ከመዝገበ ቃላቱ ጋር አስተያይቶ ይገምታል። ችግሩ በእንግሊዝኛ 4663 ብትጫን «ቤት» የሚለውም «ጥሩ» የሚለውም ቃል ይወጣል። ስልኩ መርጦ ያቀርባል፤ ሰውየው ሳያይ ይልካል።

በኮምፒውተር በኩልም የማይክሮሶፍት ዎርድ ፕሮግራም በ1993 ስህተትን በራሱ የሚያርም አሠራር ይዞ መጣ። ከዚህ ዓይነቱ እርማት የተነሳ የታወቀ ቀልድ አለ። አንዳንድ የቃላት ማረሚያዎች «ትብብር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ያለ ሰረዝ ሲጻፍ ስለማያውቁት በካሊፎርኒያዋ ከተማ በ«ኩፐርቲኖ» ይተኩት ነበር። በዚህም የተነሳ የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሰነዶች ውስጥ ስለ «ኩፐርቲኖ» የሚያወሩ ዓረፍተ ነገሮች ተገኙ።

እስከዚህ ድረስ መዝገበ ቃላቱ በአመዛኙ የኩባንያው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የኛ ሆነ። በ2008 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ስዊፍትኪ ከተጠቃሚው አጻጻፍ የሚማር ኪቦርድ ሠራ፤ ተጠቃሚው ከፈቀደለት ከኢሜይሉና ከሌሎች ገጾቹም ይማር ነበር። በ2014 ለፕሮፌሰር ስቲቨን ሆኪንግ የተሻሻለው መጻፊያ ይህንኑ ዘዴ ተጠቅሞ ከራሳቸው መጻሕፍትና ንግግሮች እንዲማር ተደርጓል። ለርሳቸው በረከት ነበር።

የዚያው ነገር ሌላ ገጽታ በ2016 ታየ። የስዊፍትኪ ተጠቃሚዎች አንዳንዶቹ ጭራሽ የማያውቋቸው ሰዎች የኢሜይል አድራሻና ቃላት በጥቆማ መስመራቸው ላይ ይመጡባቸው ጀመር። ኩባንያው የተማሩ ቃላትን በስልኮች መካከል የሚያዛምደውን አገልግሎት ለማቆም ተገደደ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2017፣ ጎግል በጂቦርድ ኪቦርዱ ላይ ሌላ አሠራር እየሞከረ መሆኑን አስታወቀ። ጽሑፉ ከስልኩ ሳይወጣ ስልኩ ራሱ ይማርና የትምህርቱን ጭማቂ ብቻ ይልካል። ለጽሑፉ ጥበቃ ጥሩ እርምጃ ነው። የኛን የቢሮ ስልክ ችግር ግን አይፈታም። የኛ ሚስጥር ወደ ሩቅ አገር አልሄደም፤ ከአንድ ጣት ወደ ሌላ ጣት ነው የተሻገረው።

የቀደሙት ዑለማዎች ቃልን እንዴት ይሰርዙ ነበር?

ያልተፈለገ ቃልን ማስወገድ ግን ከስልክ በጣም የቀደመ ጉዳይ ነው። የሐዲስ ዑለማዎች ለዚህ ራሱን የቻለ ክፍል መድበው ጽፈውበታል። ቃዲ ዒያድ (በ544 ዓመተ ሒጅራ/1149 ያረፉ) «አል-ኢልማዕ» በተባለው ኪታባቸው፣ ኢብኑ ሶላሕም (በ643 ዓመተ ሒጅራ/1245 ደማስቆ ላይ ያረፉ) በታዋቂው «ሙቀዲማ» ኪታባቸው ሦስት መንገዶችን ያብራራሉ፤ አላህ ይዘንላቸው።

አንደኛው «ደርብ» ነው፤ ቃሉ እንደሚነበብ ሆኖ በላዩ ላይ መስመር ማስመር። አንዳንዶቹ መስመር በማስመር ፈንታ በተሰረዘው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ግማሽ ክብ ወይም ትንሽ ዜሮ ያደርጋሉ። ሌሎች መጀመሪያው ላይ «ላ»፣ መጨረሻው ላይ «ኢላ» ብለው ይጽፋሉ፤ «ከዚህ እስከዚህ የለም» እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው «ሐክ» ነው፤ በቢላ መፋቅ። ሦስተኛው «መሕው» ነው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ወይም ከሚታጠብ ነገር ላይ መጥረግ። የቀይረዋኑ ፈቂህ ሰሕኑን የጻፉትን አንዳንዴ በምላሳቸው ያጠፉት እንደነበር ይወራል።

ከሦስቱ ዑለማዎቹ የመረጡት የመጀመሪያውን ነው። መፋቅ ጥርጣሬ ያመጣል፤ «እዚህ ምን ነበረ? ለምን ተደበቀ?» ያሰኛል። እንዲያውም ሐዲስ ወደሚሰማበት መጅሊስ ቢላ ይዞ መግባትን የሚጠሉ ሸይኾች ነበሩ። ምክንያቱ ደስ ይላል። ዛሬ ከዚህ ሸይኽ ስትሰማ ስህተት የመሰለህ ቃል ነገ ከሌላ ሸይኽ ስትሰማ ትክክል ሊሆን ይችላል። ከፋቅከው ጠፋ፤ ካሰመርክበት ግን ምልክት አድርገህ ትመልሰዋለህ።

እኛ በልጅነታችን የቀራንበት ሎህ ደግሞ የመሕው አገር ነው። ከጥላሸት በተሠራ ቀለም የተጻፈው ሲያዝ ይታጠባል፤ ለነገው ቦታ ይለቀቃል። ሎሁ ይረሳል፤ ልብ ያስታውሳል። የስልኩ ነገር የተገላቢጦሽ ሆኖብናል። እኛ እንረሳለን፤ ሰሌዳው ያስታውሳል።

እንግዲህ እንዴት እናጥፋው?

ጂቦርድ ባለው ስልክ ላይ ያልተፈለገው ቃል በጥቆማ መስመሩ ላይ ሲመጣ ጣትን ጫን አድርጎ ማቆየት፣ ከዚያም ብቅ ወደምትለው የቆሻሻ ቅርጫት መጎተት ነው። በስዊፍትኪም ቃሉን ጫን ብሎ በመያዝ ማስወገድ ይቻላል። ሁሉንም ለማጠብ ለፈለገ በጂቦርድ ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ» በሚለው ክፍል የተማራቸውን ቃላትና ዳታ ማጥፊያ አለ። አይፎን ላይ ደግሞ ሴቲንግስ፣ ጀነራል፣ ትራንስፈር ኦር ሪሴት አይፎን፣ ሪሴት፣ ከዚያም «ሪሴት ኪቦርድ ዲክሽነሪ» ነው፤ ይህ የተማረውን ሁሉ አንድ ላይ ያጥባል።

ሦስት ነገር ግን አትርሱ። አንደኛ፣ አማርኛችን ቃልን በብዙ ልብስ ያለብሳል። ስሙን ብታጠፉ «የ»፣ «ለ»፣ «ከ» የተጨመረበት፣ መጨረሻው ላይ «ን» ወይም «ም» ያለው እያንዳንዱ ለብቻው የተማረ ቃል ሊሆን ይችላል። «ሀ»ና «ሐ»፣ «ሰ»ና «ሠ»፣ «አ»ና «ዐ» ሲቀያየሩም እንዲሁ። እኛ የአንዲቱን እህት ስም በአምስት መልክ ነው ያገኘነው። ሁለተኛ፣ ጥቆማ ከስልክ ማውጫ ላይ ካሉ ስሞችም ሊመጣ ይችላል፤ ስሙ እዚያ እስካለ ድረስ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ሦስተኛ፣ ሁሉንም ስታጥቡ ጥሩ ጥሩውም ይሄዳል። የኪታብ ስሞችን፣ የዱዓ ቃላትን፣ ስልኩ ቀስ ብሎ የለመደውን ሁሉ እንደገና ታስተምራላችሁ።

እኛ የኋለኛውን መረጥን። ምክንያታችን ይህ ነው። ዑለማዎቹ ፍቀትን የጠሉት በዒልም ጉዳይ ነው። ዒልም ለሁሉም የተተወ አደራ ስለሆነ ስህተቱ እንኳ ምልክቱ ቢቀር ለሚመጣው ሰው ይጠቅማል። የሰው ገመና ግን ለኛ ብቻ የተሰጠ አደራ ነው፤ ምልክቱም ቢሆን መቅረት የለበትም። አንዱ ይሰመርበታል፤ ሌላው ይታጠባል። ሁለቱን መለየት ያቃተው ሰው ወይ ዒልምን ያጠፋል ወይ ሰውን ያጋልጣል።

ወጣቱን ለብቻው ጠርተን ያየው ነገር አደራ መሆኑን ነገርነው፤ እርሱም ቃል ገባልን። ከሁሉም የከበደን ለእህታችን መንገሩ ነበር። ዝም ብንል ማንም አይጠይቀንም ነበር። ሆኖም በሽማግሌዎቹ በኩል ሄደን የሆነውን ሳንደብቅ ነገርናት፤ ይቅርታም ጠየቅናት። ትንሽ ዝም አለችና እንዲህ አለችን፦ «እኛ እኮ ታርቀን ቤታችን ከገባን ቆየን። ያልታረቀው የናንተ ስልክ ነው።»

መልስ አልነበረንም። አሁን የሽማግሌዎች ጉዳይ በደብተር ተጽፎ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ የቢሮው ስልክ ማስታወቂያ ብቻ ይጻፍበታል። እናንተም የመስጂድ፣ የመድረሳ፣ የዕድር ወይም የሱቅ ስልክ ከሰው ጋር የምትጋሩ ከሆነ ዛሬ ማታ የጥቆማ መስመሩን አንድ ጊዜ እዩት። የአንድ ሰው ስም ጻፉና ቀጥሎ ምን እንደሚያመጣ ተመልከቱ። ምናልባት እናንተ ያስታረቃችኋቸውን ሰዎች እስከ ዛሬ እያጣላ ሊሆን ይችላል።

አላህ ገመናችንን ይሸፍንልን፤ አደራ ጠባቂዎች ያድርገን። ወላሁ አዕለም።