ቁርጡባ በጸደይ መባቻ፦ የታላቁ ወንዝ ከተማን ለሚጎበኝ ሙስሊም

ተፍሲር አል-ቁርጡቢን የማያውቅ ደረሳ የለም። ኡስታዞቻችን በደርሳቸው ላይ «ቁርጡቢ እንዲህ ብለዋል» ሲሉ ደጋግመን ሰምተናል። «ቁርጡቢ» ማለት ግን «የቁርጡባ ሰው» ማለት መሆኑን፣ ቁርጡባም ዛሬ ኮርዶባ ተብላ በደቡብ ስፔን የምትገኝ ከተማ መሆኗን ስንቶቻችን አስተውለናል?

በአውሮፓ የሚኖሩ፣ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደዚያ የሚሄዱ ወንድሞችና እህቶች ይህችን ከተማ የማየት ዕድል አላቸው። ከተማዋ ለሙስሊም ጎብኚ ግን እንደ ሌሎቹ አይደለችም። ሚሕራቡ ቆሞ ሱጁድ የማይፈቀድበት ቦታ ናት። ስለዚህ ምን እንደምናይ፣ እንዴት እንደምንሆንና ምን ይዘን እንደምንመለስ አስቀድመን ብናውቅ ይጠቅመናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሂጅሪ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወንዙና ድልድዩ

ቁርጡባ የተቆረቆረችው በጓዳልኪቪር ወንዝ ዳር ነው። ስሙ «አል-ዋዲ አል-ከቢር»፣ ታላቁ ወንዝ፣ ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው። ስፔኖች ዘይትን «አሴይቴ»፣ ስኳርን «አሱካር» ይላሉ። ሁለቱም ከዐረብኛ የተወሰዱ ሲሆኑ የእኛዎቹ «ዘይት» እና «ስኳር» ዘመዶች ናቸው። አንድ ነገር ሲመኙ የሚሉት «ኦሃላ» እንኳ የአሏህን ስም ከያዘ የዐረብኛ አባባል የመጣ ነው።

ጉብኝቱን ከድልድዩ መጀመር ጥሩ ነው። 16 ቅስቶች ያሉት ይህ ድልድይ መሠረቱ የሮማውያን ነው። ሙስሊሞች ሲገቡ ፈራርሶ ስለነበር፣ በ720 ገደማ ገዥው አስ-ሰምሕ ኢብን ማሊክ በኸሊፋው ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ ፈቃድ ከከተማዋ ግንብ ድንጋይ ወስዶ አሠራው። ከዚያም ወዲህ ብዙ ጊዜ ታድሷል። በደቡብ ጫፉ ያለው የካላኦራ ግንብ ስለ አንደሉስ ሕይወት የሚያሳይ ሙዚየም ነው። ከዐስር በኋላ ከዚያ ቆሞ ወደ ከተማዋ ለሚመለከት ወንዙ፣ የድሮው የውሃ ወፍጮ መንኮራኩርና ታላቁ መስጂድ በአንድ ዕይታ ይገባሉ።

ታላቁ መስጂድ

ዐባሲዮች በ750 የዑመውያን ቤተሰብ ሲፈጁ ወጣቱ ዐብዱርረሕማን ከሻም አመለጠ። በሰሜን አፍሪካ በኩል ተሰዶ በ756 ቁርጡባን ያዘ። የመስጂዱ ግንባታ በእርሱ ትእዛዝ በ785 ገደማ ተጀመረ። የዐረብ ታሪክ ጸሐፍት እንደሚተርኩት በቦታው ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ዐብዱርረሕማንም ከክርስቲያኖቹ በገንዘብ ገዝቶታል። ይህን የምናነሳው የቦታው ታሪክ ከእኛ እንደማይጀምር ጎብኚው እንዲያውቅ ነው።

ወደ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው የዓምዶቹ ብዛት ነው። ዛሬ 856 ይቆጠራሉ። ብዙዎቹ ከሮማውያንና ከቪሲጎት ፍርስራሾች ተለቅመው የመጡ በመሆናቸው ቁመታቸው አጭር ነበር። ግንበኞቹ ጣሪያውን ከፍ ለማድረግ በአንዱ ቅስት ላይ ሌላ ቅስት ደረቡ። ቀይ ጡብና ነጭ ድንጋይ እያፈራረቁ የሠሩት ይህ ድርብ ቅስት የመስጂዱ መለያ ሆኖ ቀረ።

መስጂዱ ሦስት ጊዜ ሰፍቷል። ዳግማዊ ዐብዱርረሕማንና ዳግማዊ አል-ሐከም ወደ ደቡብ፣ ወደ ወንዙ አቅጣጫ አሰፉት። አል-መንሱር በ987 ገደማ ሲያሰፋው ግን ወንዙ ቀርቦ ስለነበር ወደ ምሥራቅ ለመሄድ ተገደደ፤ ሚሕራቡ ዛሬ ከመሐል ውጭ የሆነው ለዚህ ነው። በአል-መንሱር ክፍል ያሉትን ቅስቶች ብናስተውል ቀዩ ጡብ ሳይሆን ቀለም ነው። በአል-ሐከም ዘመን የተሠራው ሚሕራብ ግን በወርቃማ ሞዛይክና በቁርኣን ጽሑፍ ያጌጠ ሲሆን በዓለም ካሉ ውብ ሚሕራቦች አንዱ ነው። ሞዛይኩን የሠሩት ባለሙያ ከባይዛንታይን ንጉሥ ተጠይቆ የመጣ እንደሆነ ይተረካል።

ከተማዋ በ1236 በካስቲያው ንጉሥ በፌርናንዶ ሣልሳዊ እጅ ስትወድቅ መስጂዱ ካቴድራል ሆነ። በ1523 ደግሞ ከመሐሉ ብዙ ዓምዶች ተነቅለው ትልቅ የካቴድራል አካል መሠራት ተጀመረ። የከተማዋ ምክር ቤት ራሱ፣ የክርስቲያኖች ሆኖ ሳለ፣ ይህን ሥራ ተቃውሞ ነበር። ግንባታውን የፈቀደው ንጉሥ ቻርለስ አምስተኛ በኋላ አይቶት በዓለም ወደር የሌለውን አፍርሳችሁ የትም የሚገኝ ነገር ሠራችሁ ብሎ እንደተቆጨ ይነገራል። የሙስሊሞቹ ሚናራ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልፈረሰም፤ ዛሬ ደወል በሚደወልበት ግንብ ውስጥ ተሸፍኖ ቆሟል።

በውስጡ መስገድ ይቻላል?

አይቻልም። ሕንፃው በቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ሥር ያለ፣ የካቶሊክ ሥርዓት የሚካሄድበት ካቴድራል ነው። የስፔን ሙስሊሞች አብሮ የመስገድ ፈቃድ በተደጋጋሚ ቢጠይቁም አልተሰጣቸውም። በ2010 ከኦስትሪያ የመጡ ሙስሊም ወጣቶች በውስጡ ለመስገድ ሲሞክሩ ከጥበቃዎች ጋር ግጭት ተፈጥሮ ነበር።

ሚሕራቡ ፊት ቆሞ ልብ የማይነካው ሙስሊም ይኖራል ብለን አናስብም። ቢሆንም ቲኬት ቆርጠን ስንገባ የቤቱን ደንብ ተቀብለን ነው፤ ሙስሊም ደግሞ በገባበት ቃል ይጸናል። በልብ ዚክር ማድረግን የሚከለክል የለም። መስቀልና ምስል ወዳለበት ሕንፃ መግባት የሚከብደው ሰው ከጉዞው በፊት የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። የውጪውን ግንብ፣ በሮቹንና የብርቱካን ዛፎች ያሉበትን ግቢ ብቻ ማየትም በቂ ትምህርት አለው።

ለሰላት በኮሎን አደባባይ መናፈሻ ውስጥ «ኤል ሞራቢቶ» የሚባል ትንሽ መስጂድ አለ። አንድ ነገር ልብ እንበል፦ የታላቁ መስጂድ ሚሕራብ ወደ ደቡብ ያጋደለ ነው፤ ከቁርጡባ መካ ያለችው ግን በምሥራቅ፣ ጥቂት ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ ነው። ስለዚህ በማረፊያ ክፍላችን ቂብላን በኮምፓስ እንጂ በሚሕራቡ አንለካ። ዙህር በማርች አጋማሽ 13፡30 ገደማ ሲገባ፣ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ሰዓት በአንድ ወደፊት ስለሚገፋ ከዚያ በኋላ ወደ 14፡25 ይሆናል።

መዲነቱ ዘህራ

ከከተማዋ በስተምዕራብ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የመዲነቱ ዘህራ ፍርስራሽ ይገኛል። በ929 ራሱን ኸሊፋ ብሎ ያወጀው ሣልሳዊ ዐብዱርረሕማን በ936 ገደማ ያስጀመራት የቤተ መንግሥት ከተማ ናት። የቀዶ ሕክምና አባት የሚባለው አዝ-ዘህራዊ ስሙን ያገኘው ከእርሷ ነው። በ2018 በዩኔስኮ ቅርስነት ተመዝግባለች።

ማን አፈረሳት ብለን ስንጠይቅ መልሱ ይከብዳል። የውጭ ጠላት አልነበረም። በ1009 በሙስሊሞች መካከል የተነሳው የሥልጣን ፊትና ከተማዋን አዘረፈ፣ አቃጠለ። በ1031 ኸሊፋነቱ አከተመ፤ አንደሉስም እርስ በርስ ወደሚዋጉ ትንንሽ ግዛቶች ተከፋፈለች። ቁርጡባ ለፌርናንዶ እጇን የሰጠችው ከዚያ 200 ዓመት በኋላ ነው። አል-መንሱር በ997 የሳንቲያጎን ቤተ ክርስቲያን ደወሎች በክርስቲያን ምርኮኞች አሸክሞ አመጣ፤ በ1236 ደግሞ ፌርናንዶ በሙስሊም ምርኮኞች አሸክሞ መለሳቸው ብለው ጸሐፍት ይተርካሉ። ዓለም በማንም እጅ አትረጋም።

ለምን በጸደይ መባቻ?

የቁርጡባ በጋ ከባድ ነው፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። በማርች ግን ቀኑ ከ19 እስከ 20 ዲግሪ፣ ሌሊቱ 7 ዲግሪ ገደማ ነው። ዝናብ ስለሚኖር ጃንጥላና ቀለል ያለ ካፖርት ያስፈልጋል። ወሩ ሊያልቅ ሲል የብርቱካን አበባ ሽታ መንገዱን ይሞላዋል፤ ስፔኖች አበባውን «አሳር» ይሉታል፣ ከዐረብኛው «ዘህር»። የካቶሊኮች ሰሙነ ሕማማት በማርች ወይም በኤፕሪል ስለሚውል በዚያ ሳምንት መንገዶች ይዘጋሉ፣ ማረፊያም ይወደዳል። ቀኑን አስቀድሞ ማየት ይበጃል።

ከማድሪድ በፈጣን ባቡር ወደ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ ከሴቪያ 45 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከኢትዮጵያ የሚሄድ የሼንገን ቪዛና ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ መቅረብ ስለሚችል ለመጨረሻው ሳምንት አናቆየው።

ምግብን በተመለከተ ጥንቃቄ ያሻል። የከተማዋ ታዋቂ የቲማቲም ሾርባ «ሳልሞሬሆ» ብዙ ጊዜ ከላይ የአሳማ ሥጋ ይነሰነስበታል። «ፍላሜንኪን» በአብዛኛው የአሳማ ነው፤ የበሬ ጭራ ወጡ ደግሞ በወይን ጠጅ ይሠራል። «ሲን ሴርዶ» (ያለ አሳማ) እና «ሲን ቪኖ» (ያለ ወይን ጠጅ) የሚሉትን ሁለት አባባሎች እንያዝ። ዓሣ፣ የተጠበሰ ደበርጃንና የወይራ ዘይት በየቦታው አለ፤ የተጠበሰበትን ዘይት መጠየቅ ግን አይከፋም።

ምን ይዘን እንመለስ?

ኢማም አል-ቁርጡቢ በተፍሲራቸው ሱረቱ ኣሊ ዒምራን ላይ፣ ስለ ሸሂዶች በሚናገረው አንቀጽ ሥር፣ የራሳቸውን ሐዘን ጽፈዋል። በ627 ሂጅሪ ረመዷን ወር ጠላት ንጋት ላይ በድንገት ወርሮ ሰዎችን ገደለ፤ ከሟቾቹ አንዱ አባታቸው ነበሩ። ወጣቱ ልጅ ያኔ መምህሮቹን የጠየቀው አባቴ ይታጠባሉ ወይስ እንደ ጦር ሜዳ ሸሂድ ሳይታጠቡ ይቀበራሉ የሚለውን የፊቅህ ጥያቄ ነበር። ከተማዋ ከወደቀች በኋላ ወደ ግብፅ ተሰደዱ፤ በ671 ሂጅሪ በዚያው አረፉ። አሏህ ይዘንላቸው።

የዘህራ እብነ በረድ ተሰባብሯል፤ የአል-ሐከም ታላቅ ቤተ መጻሕፍትም ተበትኗል። አንድ ስደተኛ ዓሊም የጻፉት ኪታብ ግን ዛሬም በየመስጂዳችን ይቀራል። ቁርጡባን ያየ ሰው ሲመለስ በቁጭት ብቻ ባይመለስ፣ ኪታቡን ከፍቶ ቢቀራ፣ በመካከላችን ያለውን ልዩነትም ወደ ፊትና እንዳያድግ ቢጠነቀቅ፣ ጉብኝቱ በእርግጥ ጠቅሞታል። አሏህ ከታሪክ ከሚማሩት ያድርገን።