ኢየሩሳሌም ሁሌም ነበረች፤ ለምን ያኔ ተነሡ?

ከሐይፋ በስተ ደቡብ፣ በቀርሜሎስ ተራራና በሜዲትራኒያን ባሕር መካከል ቲራት ካርሜል አለች። እ.ኤ.አ. በ1948 ነዋሪዎቿ በጦርነት በተፈናቀሉባት አል-ጢራ በተባለች የፍልስጤም መንደር ላይ የቆመች የስደተኞች ከተማ ናት፤ ከሰሜን አፍሪካ፣ ኋላም ከኢትዮጵያ የመጡ ይኖሩባታል። በዚያ ከሚኖሩት የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዳውያን) ሽማግሌዎች «ለምን መጣችሁ?» ለሚል ሰው የሚሰጠው የተለመደ መልስ ኢየሩሳሌም ነው። መልሱ እውነት ነው፤ ግን «ለምን ያኔ፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ?» የሚለውን አይመልስም።

ናፍቆቱ የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1862 አባ መሃሪ የተባሉ መነኩሴ ሕዝባቸውን አስከትለው ከጎንደር ወደ ቅድስቲቱ ምድር በእግር ተነሡ። ዘመኑ የአፄ ቴዎድሮስ ነው፤ ሚሲዮናውያን በቤተ እስራኤል መንደሮች ሰዉን ሃይማኖት ለማስለወጥ ይጥሩ ነበር። ብዙዎች ትግራይ ላይ በረሀብና በበሽታ አለቁ።

ከዚያም በኋላ ናፍቆቱ በየዓመቱ በሲግድ በዓል ተራራ ላይ ይጸለይበት ነበር፤ ሕይወት ግን ባለበት ቀጠለ። ርስት የሌለው ቤተ እስራኤል በሰው መሬት ላይ እያረሰ፣ ብረት እየቀጠቀጠ፣ ሸክላ እየሠራ፣ «ቡዳ» እየተባለ ኖረ። በ1975 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ድርሻ ቢያገኝም፣ የጎረቤት ቂምና በጎንደር የኢዲዩና የኢሕአፓ አማፂያንና የደርግ መንግሥት ውጊያ አብረው መጡ። በዚያው ዓመት እስራኤል አይሁዳውያን እንዲገቡ የሚፈቅደውን የመመለስ ሕጓን ለቤተ እስራኤልም ፈቀደች። ስለዚህ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከትግራይና ከወልቃይት፣ ቀጥሎም ከጎንደር፣ ወደ ሱዳን መጉረፍ ተጀመረ። የቤተ እስራኤሉ ፈረደ አክሉም መንገዱን ከከፈቱት አንዱ ነበር። በጉዞውና በመጠለያዎቹ 4,000 ያህል ሰዎች አለቁ፤ በ1984 መጨረሻ የሙሴ ዘመቻ የተረፉትን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ማንሣት ጀመረ።

ዘመቻው በ1985 መጀመሪያ በይፋ ሲወጣ ተቋረጠ፤ እናት ከልጅ፣ ባል ከሚስት ተለያየ። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በአንድ ቀን ተኩል 14,325 ሰው ሲጓጓዝ፣ ለብዙዎች ዋናው ምክንያት አስቀድሞ የሄደው ዘመድ ነበር። ዛሬም ወደ እስራኤል ለመሄድ ጎንደር ተቀምጠው የሚጠባበቁት ብዙዎች የሚያነሡት ይህንኑ ነው።

ረሀብና ጦርነት ብቻውን ቢሆን ኖሮ፣ በእነዚያው ዓመታት ሱዳን የገቡት በርካታ የትግራይ ስደተኞች ዝናብ ሲጥል ወደ ቀያቸው እንደተመለሱ፣ እነዚህም በተመለሱ ነበር። ናፍቆት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከአባ መሃሪ በኋላ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ባልጠበቁ ነበር። ችግሩ ከቤት አስወጣቸው፤ የተከፈተው በር መንገድ ሰጣቸው፤ ወዴት እንደሚሄዱ ግን ቀድመው ያውቁ ነበር።