ተደጋጋሚ የልብ ምት መፋጠንና የሚያስከትለው ጭንቀት፦ ለቆቦና ለራያ ቆላ ነዋሪዎች የተዘጋጀ የጤና መረጃ

የልብ ምት መፋጠን የሚባለው በወትሮው ጊዜ ለባለቤቱ የማይሰማው የልብ ምት ፈጥኖ፣ በርትቶ ወይም ተዛብቶ ሲሰማ ነው። ሕመምተኞች ስሜቱን «ልቤ ይመታል»፣ «ልቤ ዘለለ»፣ «ልቤ ስንጥቅ አለ» በማለት ይገልጹታል። እነዚህ አገላለጾች ለጤና ባለሙያ ጠቃሚ ፍንጭ ይሰጣሉ። «ዘለለ» የሚለው ብዙውን ጊዜ ያለ ተራው የመጣን አንድ ተጨማሪ ምትና ከእርሱ በኋላ ያለውን አጭር ፋታ ያመለክታል። ይህም ጤነኛ ልብ ባላቸው ሰዎች ላይ ጭምር የሚታይ ነው። በድንገት ጀምሮ በድንገት የሚያቆም ፈጣን ምት ደግሞ ሌላ ዓይነት ምርመራ ይፈልጋል።

ስሜቱ ሲደጋገም ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው «የልብ ድካም ይዞኛል» ብሎ ነው። የልብ ድካም በሕክምና ቋንቋ ልብ ለሰውነት የሚበቃ ደም መርጨት ሲሳነው የሚከሰት ሕመም ሲሆን፣ ዋና ዋና ምልክቶቹ በትንሽ እንቅስቃሴ ትንፋሽ ማጠር፣ የእግር ማበጥ እና በጀርባ ተንጋሎ መተኛት አለመቻል ናቸው። የምት መፋጠን ብቻውን የልብ ድካም አለ ለማለት አያበቃም። በአንጻሩ «ድንጋጤ ነው፣ ያልፋል» ተብሎ ሳይመረመር ዓመታት የሚቆይ ታማሚም አለ። ሁለቱም ግምት ነው፤ ትክክለኛው መልስ የሚገኘው በምርመራ ነው።

አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ከምት መፋጠን ጋር ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም ወይም በደረት ላይ ከባድ ጫና፣ በዕረፍት ላይ እያሉ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል ወይም የአፍ መጣመም ከታየ ታማሚው ጊዜ ሳይሰጠው ወደ ቅርብ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ሥራ ወይም ሩጫ ላይ እያለ የሚጀምር የምት መፋጠን፣ በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው መኖሩ፣ ታማሚው ከዚህ ቀደም የልብ ሕመም እንዳለበት የተነገረው መሆኑ ወይም ነፍሰ ጡር መሆኗም እንዲሁ ቀጠሮ የሚያስጠብቅ ጉዳይ አይደለም። የወረዳውን አምቡላንስ በቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በኩል፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን አምቡላንስ ደግሞ በ907 መጥራት ይቻላል።

በቆላው ዘወትር የሚያጋጥሙ መንስኤዎች

ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። በማሽላና በጤፍ ማሳ ሙሉ ቀን የሚውል ገበሬ በላብ ብዙ ውኃና ጨው ያጣል፤ የደም መጠኑ ሲቀንስ ልብ ጉድለቱን ለመሸፈን ይፈጥናል። እንዲህ ዓይነቱ የምት መፋጠን ጥላ ውስጥ ዐርፎ ውኃ በመጠጣት የሚስተካከል ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለም ከጤና ኬላ የሚገኘው ኦአርኤስ ይረዳል።

ደም ማነስ ሁለተኛው የተለመደ መንስኤ ነው። በተለይ የወር አበባቸው የሚበዛ፣ በተቀራራቢ ጊዜ የወለዱ ወይም የሆድ ትል ያለባቸው ሴቶች ዳገት ሲወጡ ልባቸው ይመታል፤ ይዝላሉ፤ ያዞራቸዋል። በአንዲት ጠብታ ደም የሚለይ በመሆኑ፣ ስለ ልብ ብዙ ከመጨነቅ በፊት ይህ ቢታወቅ ይበጃል። ከክረምት በኋላ ባሉት ወራት ደግሞ ወባ ይነሣል። ከትኩሳት ጋር የመጣ የምት መፋጠን ያለበት ሰው በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ማድረግ አለበት።

እንቅርት ያለበት ወይም ያለባት ሰው ምግብ እየበላ ከከሳ፣ ሙቀት መቋቋም ካቃተውና እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ የምት መፋጠኑ የሚመጣው ከመጠን በላይ ከሚመነጭ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ሊሆን ይችላል። ይህ በደም ምርመራ የሚታወቅና መድኃኒት ያለው ነው። የአስም መተንፈሻ መድኃኒትና አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችም ምትን ያፈጥናሉ፤ ስለዚህ ታማሚው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ለባለሙያው ማሳየት ይኖርበታል።

ቡናና ጫት ራሳቸውን የቻሉ ጉዳዮች ናቸው። ቡና ለሁሉም ሰው አይከለከልም። ሆኖም ምቱ ከአቦል እስከ በረካ በተጠጣ ቀን የሚብስበት ሰው ለሁለት ሳምንት ያህል ቀንሶ ለውጡን ቢመለከት ከብዙ ምክር ይልቅ የራሱ ሰውነት ይነግረዋል። በአንድ ቀን ፈጽሞ ማቋረጥ ራስ ምታት ስለሚያስከትል ቀስ በቀስ መቀነሱ ይመረጣል። የቡናው ሥርዓት የጎረቤት መገናኛ በመሆኑ፣ ታማሚው ከስብሰባው ሳይቀር ሲኒውን ቢቀንስ የተሻለ ነው። ጫት በአንጻሩ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ እንቅልፍ ይነሳል፤ ለምት መፋጠን ሕመምተኛ የሚመከርበት መጠን የለም።

ከጉሮሮ ሕመም የሚጀምረው የልብ በሽታ

በኢትዮጵያ በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሚታዩት የልብ በሽታዎች መካከል በተለይ ትኩረት የሚሻው በቁርጥማት ትኩሳት ሳቢያ የሚመጣው የልብ በር ጉዳት ነው። መነሻው በባክቴሪያ የሚመጣ ተራ የሚመስል የጉሮሮ ሕመም ነው። በወቅቱ ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሳምንታት በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመምና ትኩሳት ያስከትላል፤ ሲደጋገምም የልብ በሮችን ያጠብባል ወይም እንዳይገጥሙ ያደርጋል። ልጁ አድጎ በሃያዎቹ ወይም በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ሲደርስ ምቱ የተዛባና ፈጣን ይሆናል። በዚህ የተነሣ በልብ ውስጥ የሚረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል።

እንጥል ማስቆረጥ ይህን በሽታ አይከላከልም፤ ይልቁንም ደም መፍሰስና ተጨማሪ ኢንፌክሽን ያመጣል። የጉሮሮ ሕመም ያለበት ልጅ መወሰድ ያለበት ወደ ጤና ጣቢያ ነው። በሽታው ያለባቸው ሰዎች በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወስዱት የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት የሚቀጥል ሲሆን፣ ሕመሙ ስለጠፋ ማቋረጥ አይገባም። መርፌው የሚሰጠው ያለፈውን ጉዳት ለመጠገን ሳይሆን የሚቀጥለውን ለመከላከል በመሆኑ፣ «ምንም ለውጥ አላመጣልኝም» የሚለው ቅሬታ መርፌው አልሠራም ለማለት አያስችልም። የልብ በር ጥበት ያለባት ሴት ከመፀነሷ በፊት፣ ፀንሳ ከሆነም በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ቀን ጉዳዩን መናገር ይኖርባታል። እርግዝና የልብን ሥራ ስለሚጨምር ዝም ማለቱ ለእናትም ለጽንስም አደጋ አለው።

ፍርሃቱ ሕመሙን ሲመግብ

ምርመራው የልብ በሽታ እንደሌለ ካረጋገጠ በኋላም ምቱ የማይተዋቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ይህ ማለት ታማሚው አስመስሏል ማለት አይደለም። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ልብ ይፈጥናል። የፈጠነው ምት ሲሰማ «መሞቴ ነው» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ሐሳቡ ተጨማሪ አድሬናሊን ያስመነጫል። በዚህ መካከል ሰውየው ሳያውቀው ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ጣቶቹና ከንፈሩ ይደነዝዛሉ፤ ይህም ፍርሃቱን ያጸናዋል። እንዲህ ያለው ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ጣራው ላይ ደርሶ ከዚያ በኋላ እየበረደ ይሄዳል። ምንም ባይደረግለትም እንደሚበርድ ማወቅ ራሱ የሕክምናው ክፍል ነው።

በራያ ቆላ የዚህ ፍርሃት ምንጭ ብዙ ጊዜ የሚታወቅ ነው። ቆቦና አካባቢዋ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና እንደገና ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የጦርነት ቀጠና ነበሩ። ነዋሪዎች ዘመድ ቀብረዋል፤ ቤትና ከብት አጥተዋል፤ ተፈናቅለዋል። በሰርግ የሚተኮስ ጥይት ወይም የሚፈነዳ የመኪና ጎማ ሲሰማ ልቡ የሚዘል፣ ሌሊት በቅዠት የሚባንን፣ ነገሩ የደረሰበትን መንገድ የሚሸሽ ሰው ሰውነቱ የተማረውን ጥንቃቄ እየደገመ ነው። እንዲህ ላለው ሕመም ሕክምና አለ፤ በንግግር የሚሰጥና፣ ሲያስፈልግ ደግሞ ሥራቸው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሚታይ መድኃኒቶች የሚታገዝ ነው። የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰዱ ባለሙያዎች ባሉባቸው ጤና ጣቢያዎችና በሆስፒታሎች ይሰጣል። ወደዚህ ክፍል መላክ «አብደሃል» መባል እንዳልሆነ ቤተሰብ ቢረዳ ታማሚው ቀጠሮውን ለመጠበቅ አይሸማቀቅም።

ምቱ ሲነሣ ታማሚው ተቀምጦ በአፍንጫው እስከ አራት እየቆጠረ አየር ማስገባት፣ እስከ ስድስት እየቆጠረ ደግሞ በቀስታ ማስወጣት፣ ይህንንም ለአምስት ደቂቃ ያህል መደጋገም ይችላል። አጠገቡ ያለ ሰው ውኃ ከመርጨትና ከመጮኽ ይልቅ አብሮት ቢቆጥር ይጠቅመዋል። ጸሎት፣ ጠበልና ዱዓ ለብዙዎች መጽናኛ ናቸው፤ ከሕክምናው ጋር አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። አደጋ የሚሆነው የታዘዘ መድኃኒት ሲቋረጥ ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው በጾም ወራት ሰዓቱን ማስተካከል ከፈለገ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ፕሮፕራኖሎል ገዝቶ መዋጥ አስም ላለበት ሰው ትንፋሽ የሚያሳጣ ሊሆን ይችላል። ለእንቅልፍ ተብሎ ከጎረቤት የሚወሰድ ዳያዜፓም ደግሞ ሱስ ያስይዛል። ጎረቤትን የረዳ መድኃኒት ለሌላው እንደሚስማማ ዋስትና የለም።

የምት አቆጣጠርና ማስታወሻ

የልብ ምት የሚቆጠረው የአንድ እጅን ሁለት ጣቶች በሌላው እጅ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል በማሳረፍ ነው። ለ30 ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ይበቃል፤ ምቱ የተዛባ ከሆነ ግን አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ያስፈልጋል። በዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ሰው ምት በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው፤ ከባድ ጉልበት የሚሠራ ጤነኛ ሰው ከዚያ ጥቂት ዝቅ ሊልበት ይችላል። በፍርሃት የሚመጣ ምት ብዙውን ጊዜ ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ተቀምጠው ሳለ በድንገት ከ150 በላይ ደርሶ እንደ መብራት ማጥፊያ በድንገት የሚቆም ከሆነ ግን የልብ የኤሌክትሪክ መሥመር ችግር ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያው ተለይቶ መነገር አለበት።

ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየና ከዚያ በፊት ምን ይሠራ እንደነበረ በደብተር መመዝገብ በቂ ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ልጁን ሊያጽፍ ይችላል። ምቱን ቀኑን ሙሉ ደጋግሞ መቁጠር ግን ጭንቀቱን ስለሚያባብሰው፣ ስሜቱ ሲነሣ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠር።

አገልግሎቱ የት ይገኛል?

አስቸኳይ ምልክት የሌለው ተገልጋይ የሚጀምረው በቀበሌው ጤና ኬላ ወይም በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ ነው። በሮቢት፣ በጎብዬም ሆነ በዞብል በኩል ያሉ ነዋሪዎች ደም ማነስን፣ ወባንና የደም ግፊትን በዚሁ ደረጃ መለየት ይችላሉ። የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው የኢሲጂ ምርመራ ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል ይላካሉ፤ የልብ በሮችን የሚያሳየው የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ሲያስፈልግም ሪፈራሉ ከቆቦ ሆስፒታል ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይቀጥላል። ወልድያ ከቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች።

ኢሲጂ የሚመዘግበው በዚያች ቅጽበት ያለውን ምት ነው። ስለዚህ ምቱ ከቆመ በኋላ የተነሣው ውጤት «ደኅና ነው» ቢልም ጥያቄው ሁልጊዜ ተዘግቷል ማለት አይደለም። ለከተማው ቅርብ የሆነ ታማሚ ስሜቱ እየተሰማው ቢደርስ ምርመራው የበለጠ ይናገራል። ርቆ የሚኖረው ደግሞ የደብተሩን መዝገብ ይዞ ይቅረብ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ የታደሰ መታወቂያውንና ከጤና ጣቢያ የተጻፈለትን የሪፈራል ወረቀት መያዝ አለበት። የሪፈራል ቅደም ተከተሉን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል የሚሄድ አባል፣ ጉዳዩ ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር ወጪ ሊጠየቅ ይችላል። ቀደም ሲል የተሰጡ የኢሲጂና የኢኮ ውጤቶች፣ የመድኃኒት እሽጎችና የቀጠሮ ካርድ አብረው ይቅረቡ። በጦርነቱ ወቅት ካርዱ የጠፋበት ተገልጋይ ይህንኑ በካርድ ክፍል አስታውቆ አዲስ ካርድ ሊያወጣ ይችላል፤ ይወስዳቸው የነበሩትን መድኃኒቶች ስም ወይም ባዶ እሽጋቸውን ማቅረቡም ሐኪሙ ሕክምናውን ካቆመበት እንዲቀጥል ይረዳዋል።