ለእንጨት ጥብቅና የቆመው ማኅበር

የዛሬው ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሰሞን ድሮ ያስተማርኩት፣ አሁን ሲቪል መሐንዲስ የሆነ ልጅ ሊጠይቀኝ ቤት መጣ። የምኖርበት ቤት የጭቃ ነው፤ ኮርኒሱ በአንድ በኩል ተቀዶ የባህር ዛፉ ወራጅ ይታያል። ቀና ብሎ አየና «ቲቸር፣ ይሄ እንጨት ስንት ኪሎ እንደሚችል ማንም አስልቶት አያውቅም እኮ» አለኝ። «ታዲያ አንተ አታሰላውም?» ብለው ሳቀ። ዩኒቨርሲቲ ሲማር ኮንክሪትና ብረት እንጂ እንጨት አንድም ቀን ዲዛይን እንዳላደረገ ነገረኝ። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፣ ስሌቱን አላውቅም። ግን ይህ ጥያቄ በሌላ አገር ተነስቶ መልስ ሲፈለግለት ምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

አገሩ እንግሊዝ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1934 የእንጨት ልማት ማኅበር የሚባል ተቋቋመ። ከጀርባው የእንጨት ነጋዴዎች ስለነበሩ ለጽድቅ ነው አልልም። ዘመኑ የብረትና የኮንክሪት ነበር። መሐንዲሱ ደግሞ እንጨትን የሚሸሸው ጠልቶት አይደለም። ብረት ከፋብሪካ ሲወጣ አቅሙ በቁጥር ይታወቃል፤ ስሌት ውስጥ ያስገባዋል፣ ይፈርምበታል። እንጨት ግን ከአንድ ግንድ የተሰነጠቁ ሁለት ጣውላዎች እንኳ፣ አንዱ ቅርንጫፍ የበቀለበት ጉጥ ካለው፣ ጭረቱ ከተጣመመ ወይም እርጥብ ከሆነ፣ አቅማቸው አንድ አይሆንም። ጥሩ አናጢ ይህን በዓይኑና በእጁ ይለየዋል። በአናጢ ዓይን ግን ፎቅ አይፈረምም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እንግሊዝ አብዛኛውን እንጨቷን ከውጭ በመርከብ ነበር የምታስገባው፤ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ባሕሩን ሲያስጨንቁ እንጨት በፈቃድ ብቻ የሚገኝ ዕቃ ሆነ። የሚገርመኝ፣ ለእንጨት ምሕንድስና የበጀው ይሄው እጥረት ነው። እንደልብ ሲገኝ ወፍራም ወፍራሙን መደርደር ነው። ሲጠፋ ግን «ይህን ጣሪያ ለመሸከም ትንሹ ስንት ይበቃል?» ብሎ ማስላት ግድ ይላል። (በነገራችን ላይ፣ ሞስኪቶ የሚባለው የዚያ ጦርነት ዝነኛ አውሮፕላን አካሉ እንጨት ነበር፤ ከ7,700 በላይ ተሠርቷል። ክፍሎቹን ከሠሩት መካከል የሃይ ዊኮም ከተማ ወንበር ሠሪዎች ይገኙበታል። ማኅበሩም ኋላ መሥሪያ ቤቱን የተከለው እዚያው አጠገብ ነው።)

ማኅበሩ ስስ ጣውላዎችን በቡሎንና በብረት ማያያዣ አጋጥሞ ሰፊ ጣሪያ የሚሸከም ትራስ ንድፍ አሰራጨ። የራስ ትራስ አይደለም፣ አናጢዎች የሚያውቁት የጣሪያው ነው። ከጦርነቱ በኋላ በተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ ቤቶች ጣሪያ ሥር ዛሬም ይገኛል። በ1952 የእንጨት መዋቅር ደንብ ታተመ። መሐንዲሱ በመጨረሻ የሚፈርምበት ቁጥር አገኘ። በ1962 ማኅበሩ ስሙ ላይ «ምርምር» የሚለውን ጨምሮ ትራዳ ተባለ።

«እሳትስ?» ትሉኛላችሁ። ወፍራም እንጨት ሲነድ ውጩ ይከስልና ከሰሉ ውስጡን ይከልለዋል። እንደ ጥድ ያለው እንጨት በደቂቃ 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚከስለው፤ በግማሽ ሰዓት 20 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆኑ ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ የሚነደውን አስቀድሞ ጨምሮ ያወፍረዋል። ብረት አይነድም፣ ግን ከጋለ ይልፈሰፈሳል።

አሁን ወደሚያሳዝነው ልምጣ። በ1983 አንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም በእንጨት መዋቅር የተሠሩ አዳዲስ ቤቶች እርጥበት እየገባባቸው ሊበሰብሱ ይችላሉ ብሎ አቀረበ። የአሠራር ጉድለት እንደነበር አይካድም። ነገር ግን ኋላ ቤቶቹ ተከፍተው ሲመረመሩ የተፈራው መበስበስ አልተገኘም። ማን ይስማ? እንግሊዝ ውስጥ ገበያው ወደቀ፤ ስኮትላንድ ግን በእንጨት መሥራቷን ቀጠለች። የ50 ዓመት ልፋት በአንድ ምሽት!

እንደገና ተጀመረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ካርዲንግተን በሚባል ቦታ፣ ድሮ የአየር መርከብ ማቆሚያ በነበረ ግዙፍ አዳራሽ ውስጥ፣ ባለ 6 ፎቅ የእንጨት ሕንጻ ሠርተው ሆን ብለው እሳት ለቀቁበት። በ2009 ለንደን ውስጥ ባለ 9 ፎቅ መኖሪያ ቆመ፤ ከምድር ቤቱ በላይ ያሉት 8ቱ ወለሎች ግድግዳቸውም ሳይቀር እንጨት ነው። ከዚያ በ2017 ግሬንፌል ታወር ተቃጥሎ 72 ሰው አለቀ። ያ ሕንጻ ኮንክሪት ነው፤ እሳቱን ያዛመተው ከውጭ የተለበጠው በፕላስቲክ የተሞላ የአሉሚኒየም ልባስ ነው። በ2018 የወጣው ሕግ ግን ከ18 ሜትር በላይ በሆኑ መኖሪያዎች የውጭ ግድግዳ ላይ የሚቀጣጠል ነገርን ሁሉ ሲከለክል እንጨትንም አብሮ ጠራረገው። የሞተው ሰው ብዛት ሲታሰብ መፍራታቸውን አልፈርድባቸውም።

ይህን ሁሉ ለልጁ በስልክ ሳወራለት ዝም ብሎ ሰማኝና «ቲቸር፣ የእኛም አገር ደንብ አለው እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በ1995 ከወጡት የኢትዮጵያ የሕንጻ ደንቦች ውስጥ ቁጥር 5 ስለ እንጨት ነው። ስሙን ያውቃል፣ ከፍቶት ግን አያውቅም። እዚህ ላይ ትንሽ ተናደድኩ፤ በእሱ ሳይሆን፣ ግማሽ ከተማው በባህር ዛፍ ቆሞ እያለ።

ባለፈው ቅዳሜ ሜትር ይዞ መጣ። ወንበር ላይ ወጥቶ የወራጁን ውፍረትና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለክቶ ጻፈ። ውጤቱን ገና አልነገረኝም። አከራዬ እትዬ ግን «መምህር፣ ቤቴን ልታፈርሱት ነው እንዴ?» እያሉ ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል።